ይለጠፍ ወይስ ይለወጥ?

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሳለ ጎማው ይተነፍሳል፤ ወርዶ እየገፋ ከአንድ ጎሚስታ ደጅ ይደርሳል፤ ባለሙያውም ጎማውን ፈቶ በውስጡ ያለውን ካላማዳሪ ጎትቶ ካወጣ በኋላ ቀና ብሎ «ይለጠፍ ወይስ በአዲስ ይለወጥ?» ሲል ይጠይቀዋል። ነገሩ የሳንቲም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ስለዚህም ብዙዎቻችን ኪሳችንን ዳብሰን መልስ እንሰጥና መንገዳችንን እንቀጥላለን። እኛም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ስናደርግ ኖረናል። ዳሩ ግን ይህችው ትንሽ ጥያቄ አንድ ጊዜ በቁምስናችን የገንዘብ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስላሳፈረችን፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ቀላል ማየት አልቻልንም። ክቡራን አንባብያን፣ በተለይም በብስክሌት ከጸሎት ቤት ወደ ጸሎት ቤት የምትመላለሱ ካቴኪስቶች፣ ጥቂት ታግሣችሁ እንድትከተሉን እንለምናለን።

አስቀድመን ስለ መለጠፍ የሚገባውን እንናገር፤ ዛሬ ዛሬ የተለጠፈን ነገር ሁሉ የድህነት ምልክት አድርጎ የሚያይ ሰው በዝቷልና። በልጅነቱ ድሪቶ ለብሶ ያደገ አባት፣ ልጁ የተጣፈ ነገር ሲይዝ ማየት አይወድም። ይህን ስሜት እንረዳዋለን እንጂ አንነቅፈውም። ሆኖም የጨርቅ ጥፍና የጎማ ልጣፊ አንድ አይደሉም። በወንጌል ውስጥ አዲስ እራፊ በአሮጌ ልብስ ላይ እንደማይጣፍ የተነገረውን ምሳሌ አንሥቶ «እንግዲያውስ መለጠፍ ከንቱ ነው» ብሎ የተከራከረን ወጣት ነበረ። ምሳሌው ስለ ሌላና ስለ ታላቅ ነገር የተነገረ መሆኑን ለጊዜው ትተን ስለ ጨርቁ ብቻ ብንናገር፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ ያልነካው አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም አሮጌውን ይዞ ይቀደዋል። በካላማዳሪ ላይ በደንብ የተለጠፈ ልጣፊ ግን ካላማዳሪው ሲነፋ አብሮ ይለጠጣል፤ ሲተነፍስ አብሮ ይሰበሰባል። በእሾህ የተበሳ ጤናማ ካላማዳሪ በሚገባ ከተለጠፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚቆየው ልጣፊው እስኪነሣ ድረስ ሳይሆን ጎማው ራሱ እስኪያረጅ ድረስ ነው።

«በሚገባ» ማለታችን በከንቱ አይደለም። ሥራውን ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ባለሙያው ካላማዳሪውን ጥቂት ይነፋና ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል፤ አረፋ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ቀዳዳውን ያገኛል። ቦታውን አድርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ማስቲሹን ስስ አድርጎ ይቀባል፤ ከዚያም ይጠብቃል። የባለሙያና የችኩል ሰው ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ የሚለጥፍ ሰው፣ ልጣፊው በማግሥቱ ይነሣበታል። እርጥበቱ ጠፍቶ ማብረቅረቁ እስኪደበዝዝ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ የግድ ነው። ደንበኛው ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ» እያለ ሲነዘንዘው ያችን ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ ጎሚስታ፣ ለሙያው የታመነ ሰው ነው እንላለን።

ይሁን እንጂ ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ከእሾህ ወይም ከምስማር የሆነች ጠባብ ቀዳዳ ያለ ጥርጥር ትለጠፋለች። ሁለት ቀዳዳዎች እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን ከታዩ ደግሞ፣ አየር ያነሰው ጎማ ድንጋይ መትቶ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው፤ ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን በቂ አየር ሳይነፋ የተነሣው ሰው ነው። ቀዳዳው በውስጠኛው ወገን፣ በቸርኬው በኩል ከተገኘ፣ የቸርኬው ሽቦ ጫፍ በጨርቁ ሽፋን አልፎ እየወጋው ይሆናል። አየር ማስገቢያው ከካላማዳሪው ጋር በሚገናኝበት ሥር ላይ የተቀደደ እንደ ሆነ፣ ልጣፊ በዚያ ቦታ አይዝም። በረጅሙ የተተረተረም እንደዚሁ። ላስቲኩ አርጅቶ ሲለጠጥ እንደ ደረቀ ጭቃ የሚሰነጣጠቅ ከሆነም፣ አንዱን ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል። እነዚህን መለወጥ እንጂ መለጠፍ ቁጠባ አይባልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ መለጠፍም መለወጥም ሳይሆን ማየት ነው። ካላማዳሪውን ሳያወጡና በውኃ ሳይነክሩ «እኔ መቼም አሮጌ ነገር አልወድም» ወይም «እኔ መቼም ገንዘብ አላባክንም» ብሎ መወሰን፣ የራስን ጠባይ መናገር እንጂ በጉዳዩ ላይ መፍረድ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ነገሩን ወደ ሰው ልብ ቁስልና ወደ ንስሓ ምሳሌ ማሻገር ለሰባኪ እጅግ ቀላል ነበር። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ብስክሌት ብቻ ለመናገር ወስነናል፤ ብስክሌቱ ራሱ በቂ ነገር አለውና።

አሁን ወደ አሳፈረን ነገር እንምጣ። ቁምስናችን ሦስት ጸሎት ቤቶችን ለሚያገለግል ካቴኪስት አንድ ብስክሌት ገዝቶ ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ግን ጠጠርና የግራር እሾህ የሞላበት ነው። እኛ የገንዘብ ኮሚቴ አባላት ገንዘቡ ከድኻ ምእመናን ሳንቲም የተሰበሰበ መሆኑን እያሰብን፣ ጎማው በተነፈሰ ቁጥር «ይለጠፍ» እንል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በቀረበው ዘገባ ላይም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ካላማዳሪ እንዳልተገዛ ደስ እያለን ጻፍን። ምእመናኑም አጨበጨቡልን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከመካከላችን አንዱ በሌላ ጉዳይ ወደ ጎሚስታው ዘንድ ሲሄድ፣ ያ ብስክሌት በዚያ ተገልብጦ ቆሞ አገኘው። ባለሙያው ካላማዳሪውን አንሥቶ አሳየውና «ጋሼ፣ ይህን እንኳ አልለጥፍላችሁም» አለው። የተቀደደው በአየር ማስገቢያው ሥር ነበረ። ከዚያም ልጣፊዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው፤ ዐሥራ አንድ ሆኑ። በእኛ መዝገብ የተጻፈው የአራት ልጣፊ ሒሳብ ብቻ ነበር። «የቀሩትን ሰባቱን ማን ከፈለ?» ሲባል ባለሙያው ትከሻውን ነቅንቆ «ልጁ ነዋ» አለ።

ካቴኪስቱን አስጠርተን ጠየቅነው። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አባቶቼ፣ በየጊዜው ገንዘብ ስጠይቅ ብስክሌቱን የማልጠነቀቅለት እንዳይመስላችሁ ፈርቼ ነው» አለን። ቀጥለን ስንጠይቀው ነገሩ ሁሉ ወጣ። ጎሚስታ በሌለበት ቦታ ጎማው ሲተነፍስበት ብስክሌቱን እየገፋ ሰዓታት ይሄድ ነበር። በመጋቢት ወር አንድ እሑድ ወደ ሦስተኛው ጸሎት ቤት ሲደርስ ሕዝቡ ጠብቆ ጠብቆ ተበትኖ ነበር። ያን ጊዜ ዘግይተሃል ብለን የገሠጽነው እኛው ነበርን። ምክንያቱን አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልተናገረም።

በዚያ ቀን በኮሚቴው መካከል ብዙ ዝምታ ነበር። ቈጠብን ያልነው ገንዘብ ከቶ አልተቈጠበም፤ ከቁምስናው ኪስ ወጥቶ ሊከፈል የሚገባው ከእኛ ሁሉ ባነሰ ገቢ ከሚኖር ሰው ኪስ ተከፈለ እንጂ። መዝገባችን ሐሰት አልነበረበትም፤ እያንዳንዱ ቍጥር ትክክል ነበር። ነገር ግን መዝገቡ የሚያየው የእኛን እጅ ብቻ ነበር። የሰውየው እግር፣ የከሸፈው እሑድ፣ ያለ ጥፋቱ የተቀበለው ተግሣጽ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረውም።

በዚህ ምክንያት ጥያቄውን በሌላ መልክ ማየት ጀመርን። «ይለጠፍ ወይስ ይለወጥ?» ከሚለው በፊት «የሚወስነው ማን ነው? የሚጋልበውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። በራሱ ብስክሌት ላይ ዐሥራ ሁለተኛ ልጣፊ የሚያስለጥፍ ሰው፣ ቢተነፍስበት የሚገፋው ራሱ ነውና ውሳኔው የራሱ ነው፤ ትዕግሥቱንም እናደንቅለታለን። ወሳኙና ጋላቢው ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ግን ቁጠባ የሚለው ስም በቀላሉ ይሰጣል፤ የሌላውን ድካም ቈጥሮ የሚያስገባ የለምና። በራስ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ምግባር ነው። በሌላው ጀርባ ላይ የሚደረገው ቁጠባ ግን፣ ቢያንስ ሰውየው ሳይጠየቅ ከሆነ፣ ሌላ ስም ሊፈለግለት ይገባል። ይህ በብስክሌት ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ስለ መምህሩ ጠመኔ፣ ስለ ዘበኛው የዝናብ ልብስ፣ በቤታችን ስለምትሠራው ልጅ የወጥ ቤት ቢላዋ የምንወስነው ብዙ ጊዜ እኛ ነን።

ከአባላቱ አንዱ በኀፍረት ተነሥቶ «ከእንግዲህ በተነፈሰ ቁጥር አዲስ ይገዛ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የልቡን ቅንነት ብናውቅም አልተስማማንም። በአንዲት እሾህ ምክንያት ጤናማ ካላማዳሪ መጣል፣ የጸጸትን ዋጋ በምእመናን ሳንቲም መክፈል ይሆናልና። ደግሞም መጣል ያለ ዋጋ የሚደረግ ነገር አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ካላማዳሪ የሚሠራው ቡቲል ከሚባል፣ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ አየርን ከተፈጥሮው ጎማ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን መሬት ውስጥ ቢቀበር በቶሎ አይበሰብስም፤ ቢቃጠልም ጢሱ ጎረቤትን ያስጨንቃል። ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ ዕቃን ቶሎ ወደ ቆሻሻነት የሚለውጠው ልማድ ሰውንም ከሚገፋው ልማድ ጋር አንድ መሆኑን አስተምረዋል። በአገራችንም ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበውንና በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌው እንደገና ዕቃ የሚሆንበትን ያየ ሰው፣ ካረጀ ጎማም በረባሶ ተሠርቶ ስንቱን እግር እንዳሻገረ የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ትምህርት እንግዳ አይሆንበትም።

የጎማ ታሪክ ራሱ «ማን ከፈለ?» የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ጥሬውን ጎማ ከድኝ ጋር በእሳት ማብሰል ጠንካራና ተለጣጭ እንደሚያደርገው ደረሰበት፤ ራሱ ግን በ1860 ዕዳውን ሳይከፍል ሞተ። ጆን ቦይድ ዳንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት አየር የተሞላ ጎማ ሠርቶ፣ በ1888 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ጎማው በመጀመሪያ በቸርኬው ላይ በማጣበቂያ ይያዝ ስለ ነበረ አንድ ቀዳዳ መድፈን ረጅም ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ የሚሽላን ወንድማማቾች በ1891 ተፈትቶ የሚወጣውን ጎማ አቀረቡ። ብስክሌት በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ጎርፍ ተስፋፋ።

ታዲያ ያ ሁሉ ጎማ ከየት መጣ? ብዙው ከዱር ዛፍና ሐረግ የተለቀመ ነበር፤ ከፊሉም ከኮንጎ። የቤልጅግ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1908 እንደ ግል ርስቱ በያዘው በዚያ አገር፣ መንደሮች የተመደበባቸውን የጎማ መጠን እንዲያመጡ ይገደዱ ነበር። ሳያሟሉ ሲቀሩ ሚስቶቻቸው በመያዣነት ይታሰሩ፣ ሰዎች ይገደሉ፣ እጃቸው ይቈረጥ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮጀር ኬዝመንት ያየውንና የሰማውን ጽፎ ያቀረበው ዘገባ በ1904 ታትሞ ወጣ። በአውሮፓ ጎዳና ላይ ብስክሌቱን እያንቀሳቀሰ የሚዝናና ደግ ሰው ይህን አላደረገም፤ አላዘዘምም። የገዛበት ደረሰኝ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ከፈለ። የእኛ ነገር ከዚህ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ግፍ ከአንድ ኮሚቴ ቸልተኝነት ጋር ማስተካከል ለሙታኑ ክብር ማጉደል ይሆናል። ነገር ግን ትክክለኛ ቍጥር የያዘ ደረሰኝ የተከፈለውን ሁሉ እንደማይናገር ለማወቅ ጠቅሞናል።

ወደ ጎሚስታው እንመለስ፤ ስለ እርሱ ሳንናገር ብናልፍ ደስ አይለንም። ይህ ሰው የሚበላው እንጀራ ከመለጠፍ የሚያገኘው ነው። ያን የተቀደደ ካላማዳሪ ለጥፎ ዋጋውን ቢቀበል፣ ከሁለት ቀን በኋላም እንደገና ቢለጥፍ፣ የሚያውቅበት አልነበረም። እርሱ ግን «አልለጥፍላችሁም» አለ። የሚሸጠው አዲስ ካላማዳሪም አልነበረውም፤ ከሌላ ሱቅ እንድንገዛ ነው የላከን። ስንቱ ልጣፊ ሲሆን ነው መለወጥ የሚገባው ብለን ስንጠይቀውም፣ ቍጥሩ ምንም እንዳይደለ፣ ልጣፊ በልጣፊ ላይ ካልተደረበና ላስቲኩ ራሱ ካልደረቀ ሃያም ቢሆን እንደሚሠራ ነገረን።

ከሁሉ ይልቅ የማንረሳው ቀጥሎ ያደረገውን ነው። አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባቱ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጥ በጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሰው፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለና በጉጠት የተሰበረች የግራር እሾህ ጫፍ ነቀለ። ከዐሥራ አንዱ ልጣፊ ሦስቱ በዚያችው እሾህ ትይዩ ተሰልፈው ነበር። ያቺ ጫፍ ከጎማው ውስጥ ተሰክታ ስንት ጊዜ እንደ በሳችው ማን ያውቃል? እስካልተነቀለች ድረስ የለጠፈም የለወጠም እኩል ይደክማሉ፤ አዲሱም በማግሥቱ ይበሳልና። ስለ ገንዘቡ ሁለት ዓመት ስንወያይ፣ ጎማውን በጣቱ የዳሰሰ ከመካከላችን አልነበረም።

ኮሚቴው በዚያ ሳምንት ካቴኪስቱ የከፈለውን የሰባት ልጣፊ ዋጋ መለሰለት፤ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎ ነበር። በመጋቢት ስለ ሰጠነው ተግሣጽም በተሰጠበት ስፍራ፣ በሦስተኛው ጸሎት ቤት ሕዝብ ፊት፣ ጥፋቱ የእኛ እንደ ነበረ ተናገርን። ከዚያ ወዲህ ለብስክሌቱ የሚሆነው ትንሽ ገንዘብ በእርሱ እጅ ይቀመጣል፤ ይለጠፍ ወይስ ይለወጥ የሚለውንም የሚወስነው እርሱ ነው፤ እኛ ሒሳቡን ብቻ እናያለን። በኮርቻው ሥር ባለች ትንሽ ቦርሳ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ልጣፊዎችና አንድ መጠባበቂያ ካላማዳሪ አሉ፤ መንፊያውም በብስክሌቱ አካል ላይ ታስሯል። ዐሥራ አንድ ልጣፊ ያለበትን አሮጌውን ካላማዳሪ ግን ሊጥለው አልወደደም። በቀጫጭኑ ቈርጦ ገመድ አድርጎታል፤ በዝናብ ቀን የልጆቹን የትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍት በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ከኋላ የሚያስረው በእርሱ ነው።